የፀጉር ስንጣሪ

የቴምዝ ወንዝ ጭጋግ ኮረብታውን ወጥቶ፣
ግሪኒች ደጃፍ ላይ ቆሟል ተጠግቶ።
ከሰል በራሽን ነው፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፤
ጦርነቱ አልቋል፣ ብርዱ ግን ቀርቷል።

ዊኒፍሬድ ሃክስቢ ጣቷ ላይ ተንፍሳ፣
ከጭድ ላይ የተኛ መስታወት ቀስቅሳ፣
ከአጉሊው ሥር አኖረች፤ ጎንበስ አለችበት።
ከብራዚል ቆላ የመጣ ቀን አለበት፤
አምስት ደቂቃ ያህል የጨለመ ቀን፣
በግንቦት።

«ቀኑ ጨለመብኝ» ይላል የከፋው ሰው፤
እነዚያ ግን ባሕር የተሻገሩት
ቀን እንዲጨልምላቸው ነው፤
ፀሐይ ዐይኗን ስትከድን፣ ከጉንጯ ሥር የሚበሩት
ኮከቦች ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው እንደሆን ሊያዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከጠላት ከተማ፣
ጥይት ሲያፏጭ ሳለ፣ አንድ ወሬ ተሰማ፤
«ከባድ አካል ባለበት ሰማይ ይሰረጉዳል፤
ብርሃን እንኳ ሲያልፍ ዘመም ብሎ ይሄዳል»
የሚል።
አሮጌው ሕግም ይዘማል ይል ነበር፤ ግን በግማሹ።
እንግዲህ ሙግቱ ስለ ሙሉና ስለ ግማሽ ነው፤
ግማሹም መስታወት ላይ ሲለካ
የፀጉር ስንጣሪ ነው።

ጥይትም ይዘማል፣ ነፋስ ሲገፋው።
ወንድሟን ሴድሪክን ሶም ላይ ያገኘው
ከየት እንደዘመመ ማንም አልለካው።
እናቷ ፒያኖዋን ሸጣለች፣
«በርሊን ነው የተሠራው» ብላ።
ማታ ማታ፣ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ስትላት
«ቍጥር» ትላለች ልጅቱ፣ ድንች እየላጠች።

ብሎኑን ታዞራለች። ትቆማለች። ትጽፋለች።
ሽማግሌው ባርናቢ የሷን አያይም፣ የሱን አታይም፤
እንደ ሁለት ምስክር
ለየብቻ ይለካሉ፣ ቃላቸው እንዳይመሳጠር።

የትልቁ መነጽር ኮከብ ግን
እንባ እንዳረገዘ ዐይን ፈዟል፤
ልኩም ሲደመር
ግማሽ ይላል።

«ግማሽ ነው» አለች።
ባርናቢ ፒፓውን አወጣ፤ አላቀጣጠለውም።
«ያን መነጽር ፀሐይ አሙቆታል። ቅርጹ ተዛብቷል። እሱን አንቆጥርም።»
«ሙሉ ቢለን ኖሮስ፣ መዛባቱን ያነሡት ነበር?»

መልስ የለም።
በሰባት ሰዓት፣ እንደየቀኑ፣ ቀይዋ ኳስ ከጣሪያው ምሰሶ ወረደች፤
ወንዙ ላይ ያለ መርከበኛ ሁሉ ሰዓቱን በሷ ሞላ።
የዓለም ሰዓት ከዚህ ጣሪያ ይቀዳል፤
ያ የጠላት ወረቀት ግን
«ሰዓትም ከከባድ ነገር አጠገብ ይዘገያል» ይላል።
ይህን ለመርከበኞቹ ማን ደፍሮ ይነግራል?

ከሳምንት በኋላ የትንሿ ሌንስ ተራ ደረሰ፤
«ለማንኛውም ትያዝ» ተብላ የሄደችው።
ሰባት መስታወት። ኮከቦቿ የመርፌ ጫፍ ናቸው።
ዊኒፍሬድ ለካች። ደግማ ለካች።
መስታወቱን አዙራ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ዐይኗ ለካች።
ሙሉ።
እንዲያውም ከሙሉም ጥቂት ያለፈ።
ደስ እንዲላት ጠበቀች፤ የመጣው ግን የአንገት ሕመም ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገሬ ሰው፤
ይሄኛው እውነት ግን ቀን ጨልሞ ነው የጠራው፤
ያውም ገና ሐዘን ሳይወጣ፣
ከገዳይ አገር ነው የመጣው።

ያገሬ ሰው ደግሞ ለሚፈራ፣ ለሚከበር፣
«ጥላው ከባድ ነው» ይላል።
ሴድሪክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ማንም አልፈራውም፤
ከሞተ ግን ሦስተኛ ዓመቱ፣
እናቱ ባዶ ወንበሩ አጠገብ ስታልፍ
አሁንም ዘመም ትላለች፣
ጉልበቱን እንዳትነካው።

ያን ማታ ድንቹ ሲላጥ፣
«ዛሬስ?» አለች እናት።
«ኮከቡ ያለው ከምናይበት ቦታ አይደለም።»
«ማን ነው እንዲህ ያለው?»
ዊኒፍሬድ ቢላዋውን አጠበች፤ ቀስ ብላ አደረቀችው።
«መስታወቱ» አለች።